ሪች ሁለት ጊዜ ወደቀች

በሰማይ ካርታ ላይ የማትገኝ፣ በመጽሐፍና በቴሌቪዥን መስታወት ላይ ግን ሚሊዮኖች የሚያውቋት ሪች የምትባል ፕላኔት አለች። የሰው ልጅ ከባዕዳን ፍጡራን ጋር በገጠመው ጦርነት ውስጥ ከመሬት ቀጥላ የምትጠራው ታላቅ ምሽግ እርሷ ናት። የወደቀችውም ኦገስት 30 ቀን 2552 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ፣ ገና ያልደረሱትም ሳይቀሩ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቀኑ ላይ የሚከራከር የለም። ክርክሩ አወዳደቋ ላይ ነው። ሁለት ምስክሮች አሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ ቃላቸው ግን አይገጥምም።

የመጀመሪያው ምስክር መጽሐፍ ነው። ኤሪክ ናይለንድ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ «የሪች ውድቀት» የተሰኘውን ልብ ወለድ የጻፈው በሰባት ሳምንት ሲሆን፣ መጽሐፉ ለገበያ የቀረበው ኦክቶበር 30 ቀን 2001 ነበር። «ሄይሎ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ከኤክስቦክስ ጋር የወጣው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ፣ ኖቬምበር 15 ቀን ነው። ጨዋታውን ተከትሎ የተጻፈው መጽሐፍ ከጨዋታው ቀድሞ አንባቢ እጅ ገባ፤ ልጅ አባቱን ቀደመ እንደ ማለት ነው።

የጨዋታው ጀግና ፊቱ በራስ ቁር የተሸፈነ ወታደር ነው። «ማስተር ቺፍ» ይሉታል፤ ይህ ማዕርጉ እንጂ ስሙ አይደለም። ጆን የሚል ስም የሰጠው መጽሐፉ ነው። ልጅነት የሰጠውም መጽሐፉ ነው። በስድስት ዓመታቸው ከየቤታቸው የተሰረቁ 75 ሕፃናት፤ ወላጆች እንዳይጠረጥሩ በምትካቸው የተተዉና ብዙ ሳይቆዩ የሚሞቱ ቅጂዎች፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው የተደረገላቸው፣ አጥንትና ጅማታቸውን የለወጠ ቀዶ ሕክምና። ከዚያ ቀዶ ሕክምና 30ዎቹ ሞቱ፣ 12ቱ ለከባድ የአካል ጉዳት ተዳረጉ፣ 33ቱ ለጦርነት በቁ። ይህን ሁሉ ያቀደችው ዶክተር ካትሪን ሃልሲ ናት፤ እንደ እናት የምትወዳቸውም፣ እንደ ሌባ የሰረቀቻቸውም እርሷው ናት። በኋላ የመጡት ጨዋታዎች፣ በተለይም በ2012 የወጣው አራተኛው «ሄይሎ»፣ የስሜት ክብደታቸውን ያገኙት ከዚህ ልጅነት ነው። ጨዋታው ለመጽሐፉ ባለዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጽሐፉ ትረካ ሪች የወደቀችው በአንድ ቀን ነው። ካፒቴን ኪይስ የሚመራት መርከብ (ስሟ «የመጸው ዓምድ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል) ወታደሮቹን ይዛ ለሌላ ተልእኮ ተንቀሳቅሳለች። ድንገት የድረሱልን ጥሪ ይሰማል፤ መርከቧም ትመለሳለች። ከ300 በላይ የጠላት መርከቦች ደርሰዋል። ሪችን የሚከላከሉት በሰማይዋ ላይ የተሰቀሉ 20 ግዙፍ መድፎች ናቸው፤ መድፎቹ ኃይል የሚያገኙት ደግሞ ምድር ላይ ካሉ ማመንጫዎች ነው። ጆን ጓዶቹን ለሁለት ይከፍላል። አብዛኞቹ ማመንጫዎቹን ለመጠበቅ ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ እርሱ ራሱ ከሁለት ጓዶቹ ጋር አንድ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ የቆመች መርከብ ወደ መሬት የሚያደርሰውን የጉዞ መረጃ ሳታጠፋ ቀርታለችና። ከሁለቱ አንዱን ያጣል፤ ሁለተኛዋን፣ ሊንዳን፣ ሞተች በምትባልበት ሁኔታ ተሸክሞ ይመለሳል። «የመጸው ዓምድ» ይህ ሁሉ ሲሆን ሰማይ ላይ ናት።

ሁለተኛው ምስክር ሴፕቴምበር 14 ቀን 2010 የወጣው «ሄይሎ፦ ሪች» የተባለው ጨዋታ ነው። ሠሪው በንጂ ነው፤ ድርጅቱ በዚህ ዓለም ውስጥ የሠራው የመጨረሻው ጨዋታም ይኸው ነው። በእርሱ ትረካ ጠላት ሪች ላይ የተገኘው ጁላይ 24 ቀን ነው። ውጊያው ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል፤ ከተሞች ይነዳሉ፣ ሕዝብ በመርከብ ይሸሻል። ኦገስት 30 ቀን ሲደርስ «የመጸው ዓምድ» ሰማይ ላይ አይደለችም፤ ምድር ላይ፣ አሮጌ መርከቦች በሚፈቱበት ሥፍራ ቆማ የሚላክላትን አደራ ትጠብቃለች። አደራው ኮርታና የተባለችው ሰው ሠራሽ አእምሮ ናት። በመጽሐፉ ግን ኮርታና ቀድሞውኑ መርከቧ ላይ ነበረች። አደራውን የሚያደርሰው «ኖብል» የተባለው ቡድን ነው፤ ከስድስቱ አባላት አምስቱ «ሦስተኛ ትውልድ» ከሚባሉት ወታደሮች ወገን ናቸው። የእነዚህ ወታደሮች ሕልውና ከራሷ ከዶክተር ሃልሲ እንኳ ተሰውሮ የኖረ ምስጢር መሆኑን ናይለንድ በ2006 ባሳተመው ሌላ ልብ ወለድ ጽፎ ነበር። በጨዋታው ግን ሃልሲ ፊት ለፊት ቆማ ታነጋግራቸዋለች።

ከሁሉ የምታስገርመው አንዲት ጥቃቅን ነገር ናት። በጨዋታው መጨረሻ፣ መርከቧ ከምድር ስትነሣ፣ ካሜራውን ወደ ጎን የሚያዞር ተጫዋች በቅዝቃዜ እንቅልፍ ውስጥ የተኛውን ማስተር ቺፍን ያያል። ሠሪዎቹ ለታማኝ ተከታዮቻቸው የደበቁት ስጦታ ነበር። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን ያን ስጦታ ሲያገኝ ግራ ይጋባል፤ ይህ ሰው በዚሁ ቀን የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ጓዱን ተሸክሞ እየሮጠ አልነበረምን?

የአማርኛ አንባቢ «ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ አይደለም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ጌም ቤቶች የነገሠው የእግር ኳሱ ጨዋታ ነው፤ የኳስ ጨዋታ ደግሞ ልብ ወለድ አይከተለውም። ነገር ግን ሁለት ጽሑፎች ስለ አንድ ነገር ሲጣረሱ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። የትርጓሜ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ንባብ ከንባብ አልገጥም ሲል መምህሩ «አንድም» ይላል። የመጀመሪያውን ፍች አይሽረውም፤ ሌላ ፍች ከጎኑ ያኖርለታል። ንጽጽሩ የአሠራር እንጂ የክብር አይደለም፤ ሆኖም የሪችን ነገር ለማስታረቅ የደከሙት ሰዎች ሳያውቁት የተከተሉት መንገድ ከዚህ አይርቅም።

በመጀመሪያ ከጨዋታው ልዩ እትም ጋር የዶክተር ሃልሲ የግል ማስታወሻ ተብሎ የተሰናዳ ደብተር ለገዢዎች ተሰጠ። በውስጡ ሃልሲ የማታውቀውን ነገር እንዴት ለማወቅ እንደ ቻለች፣ ምን እንደ ጠረጠረች ተጽፏል። ቀጥሎ በንጂን የተካው 343 ኢንደስትሪስ የተባለው ድርጅት በ2011 የሁለቱን ትረካዎች ቀኖች ጎን ለጎን የሚያስኬዱ ማብራሪያዎች አወጣ። ኮርታና ከተከፈለች ሁለት ቦታ ልትገኝ ትችላለች፤ አንዱ ክፍሏ መርከብ ላይ፣ ሌላው ምድር ላይ። ጠላት ቀድሞ የደረሰው በጥቂት ኃይል ከሆነና ወሬው በምስጢር ከተያዘ፣ መርከበኞቹ በኦገስት 30 መደናገጣቸው ያስኬዳል። አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው። መጽሐፉም በ2010 በሌላ አሳታሚ፣ በቶር፣ አንዳንድ ስሕተቶቹ ታርመውና ተጨማሪ ገጾች ታክለውበት ዳግመኛ ታተመ። ይህኛው የጸሐፊዎች መንገድ ነው፤ ብራናውን ፍቆ በላዩ መጻፍ። ልዩነቱ፣ በብራናው ዘመን የተፋቀው ፊደል ጥላው ይቀር ነበር፤ እዚህ ግን የ2001ዱ እትም በሺዎች መደርደሪያ ላይ አሁንም አለ፤ ማንም ሊፍቀው አይችልም።

ማስታረቁ ሁልጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳለው ያስተዋለ ይኖራል። መጽሐፉ ለጨዋታው ሲል ይታረማል፤ ጨዋታው ለመጽሐፉ ሲል ሲታረም አይታይም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨዋታ ብዙ መቶ ሰዎች ለዓመታት የሚደክሙበት፣ ብዙ ሚሊዮን ገንዘብ የሚፈስበት ሥራ ነው፤ መጽሐፍ አንድ ሰው በጥቂት ወራት የሚያደርሰው ነው። በዚህ ዓለም «ቀኖና» የሚባለውም የባለቤቱ ቃል ነው። ደራሲው በቅጥር የሚጽፍ ስለሆነ የፈጠራቸው ሰዎች እንኳ የእርሱ አይደሉም። የሚሰጠው ሰነድ ያለቀለት ታሪክ አይደለም፤ ጨዋታው ገና እየተሠራ ነውና ዛሬ የተነገረው ነገር ነገ ሊቀየር ይችላል። መጽሐፉ ደግሞ ከጨዋታው መውጫ ቀን አጠገብ መውጣት አለበት፤ ገበያው እንዲያ ይላል። ናይለንድ በሰባት ሳምንት የጻፈውን ነገር ዘጠኝ ዓመት ቆይተው የመጡ ሰዎች ቢያፈርሱት፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መፈለግ ከንቱ ነው።

ሌላው የመጣረስ ምንጭ ከሰው ስሕተት የሚመነጭ ሳይሆን ከሁለቱ ጥበቦች ጠባይ የሚመጣ ነው። ጨዋታ ምርጫውን ለተጫዋቹ ይተዋል፤ ልብ ወለድ ግን መምረጥ ግዴታው ነው። በ2003 ባዮዌር ያወጣው የ«ስታር ዎርስ» ጨዋታ ጀግና ወንድ ሊሆን ይችላል፣ ሴት ሊሆን ይችላል፤ ደግ ሊሆን ይችላል፣ ክፉ ሊሆን ይችላል። የጨዋታው ዋና ጸሐፊ ድሩ ካርፒሺን በ2011 ያንኑ ጀግና በመጽሐፍ ሲያመጣው ወንድ ሆነ፣ ደግ ሆነ፣ ሚስት አገባ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጀግናዬ ሴት ናት ስትል የኖረች ተጫዋች መጽሐፉን ስትገልጥ ምን እንዳገኘች መገመት አያዳግትም። የሁለተኛው ጨዋታ ዋና ገጸ ባሕርይም በዚሁ መጽሐፍ ሴት ሆና፣ ስም ወጥቶላት ቀረበች፤ ወንድ አድርገው የተጫወቱት በተራቸው ተቆጡ።

ይህን ችግር ከማንም በላይ የሚረዳው ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ነው። «ሄይሎ፦ ሪች» ውስጥ ተጫዋቹ የሚሆነው ወታደር «ሲክስ»፣ ማለትም «ስድስት» ይባላል፤ ወንድም ሴትም ሊሆን ስለሚችል ሁለት ድምፅ ተቀርጾለታል። እንግሊዝኛው «አንተ»ንና «አንቺ»ን ስለማይለይ አዛዡ ለወንዱም ለሴቷም የሚናገረው ቃል አንድ ነው። አማርኛ ይህን ምሕረት አያውቅም። «ተነስ» ነው ወይስ «ተነሺ»? «ተከተለኝ» ነው ወይስ «ተከተይኝ»? እያንዳንዱ ትእዛዝ ጾታ ይጠይቃል። በእርግጥ አንድ ማምለጫ አለ፤ «እርስዎ» ጾታ አይለይም፣ «እሳቸው»ም እንዲሁ። ነገር ግን ጥይት እንደ በረዶ በሚወርድበት ቦታ «ሌተና፣ እባክዎ ጎንበስ ይበሉ» የሚል አዛዥ ከፕላኔቷ በፊት የአንባቢውን ትዕግሥት ይጨርሳል። ጠላቶቹን «ኪዳን» ብሎ መተርጎምም የራሱ ጣጣ አለው፤ የአማርኛ ጆሮ ኪዳን ሲባል ቅጽሩን፣ ካህኑን፣ የማለዳውን ጸሎት ይሰማልና። የጨዋታው ባዕዳን በሃይማኖት የተሳሰሩ መሆናቸውን ለሚያውቅ ግን ቃሉ ከእንግሊዝኛው ብዙ አይርቅም።

መጣረሱ ደራሲን ከነጭራሹ ከሥራው ያፈናቀለበት ጊዜም አለ። ካረን ትራቪስ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ በ2004 የጀመረችው ተከታታይ ልብ ወለድ፣ በ2005 የወጣውን «ሪፐብሊክ ኮማንዶ» የተባለ ጨዋታ ተከትሎ የተጻፈ ነበር። ጨዋታው አራት ወታደሮችን ያሳያል፤ ትራቪስ ግን ከወታደሮቹ ጀርባ ላለ አንድ ሕዝብ፣ ለማንዳሎሪያውያን፣ ባህልና ወግ አበጀች። የዘፈኖቹ ቀማሪ ጄሲ ሃርሊን ለሙዚቃው ብሎ ከፈጠራቸው ቃላት ተነሥታ ለሕዝቡ ቋንቋ አበጀችለት፤ ሰዋስው ያለው፣ አንባቢዎች እስከ መማር የደረሱበት ቋንቋ። በዚያ ቋንቋ አባትና እናት አንድ ቃል ናቸው፤ አማርኛ «ወላጅ» እንደሚለው። ልጅ በደም ብቻ ሳይሆን በቃል ይወለዳል፤ ጉዲፈቻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይፈጸማል። አምስት መጻሕፍት ከታተሙ በኋላ፣ በዚያው ዓለም ላይ የተሠራ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ማንዳሎሪያውያንን ጦርነት የጠሉ ሰላም ወዳዶች አድርጎ ሊያቀርባቸው መሆኑ ተሰማ። ክፍሎቹ የታዩት በ2010 ነው፤ ትራቪስ ግን በ2009 ብዕሯን አኖረች። የጀመረችው ታሪክ ሳያልቅ ቀረ።

የሚያስገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ትራቪስ ወደ «ጊርስ ኦቭ ዎር» ዓለም ተሻገረች፤ መጀመሪያ ልብ ወለዶቹን ጻፈች፣ ከዚያም በ2011 የወጣው ሦስተኛው ጨዋታ ዋና ጸሐፊ ሆነች። መጽሐፉንና ጨዋታውን አንድ እጅ ሲጽፋቸው የሚጣሉበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ሠሪዎች ሁሉ ይህን ቢያደርጉ ብዙ ንትርክ በቀረ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ የ«ሄይሎ»ን ልብ ወለድ ከናይለንድ ተረክባ ጻፈች። የእርሷ ሃልሲ የናይለንድ ሃልሲ አይደለችም፤ ሰዎች ሁሉ በጥላቻ የሚያዩዋት፣ ይቅርታ የማይገባት ወንጀለኛ ናት። የናይለንድ አንባቢዎች በብርቱ ቅር ተሰኙ። ሕፃናትን የሰረቀች ሴት ልትወደድ ነው ወይስ ልትኮነን? እዚህ ላይ የተጣረሰው ቀን ወይም የመርከብ ቦታ ሳይሆን ፍርድ ነበርና ማንም ማስታረቂያ ሊያበጅለት አልቻለም። በትራቪስ ወገን ሆኖ ማንበብ ይቻላል፤ የተሰረቀ ልጅ የተሰረቀ ልጅ ነው። የ«ስታር ዎርስ»ን ዓለም በተመለከተ ግን ጉዳዩ በአንድ መግለጫ ተዘጋ። በኤፕሪል 2014 ሉካስፊልም ከዚያ በፊት የታተሙትን ልብ ወለዶች በሙሉ «አፈ ታሪክ» በሚል ስም ከቀኖናው አወጣቸው፤ የካርፒሺንም የትራቪስም መጻሕፍት አብረው ወጡ።

ከመጣረስ ሁሉ የከፋው ግን ከመርከብና ከፕላኔት ጋር አይገናኝም። አንዲት ልጅ ላይ የደረሰ ነው።

ባዮዌር «ማስ ኢፌክት» የተባለውን ጨዋታ በ2007 ሲያወጣ፣ የጨዋታው ዋና ጸሐፊ የነበረው ካርፒሺን ተጓዳኞቹን ልብ ወለዶችም ጽፏል። ሦስቱ በ2007፣ በ2008ና በ2010 ታተሙ። ካርፒሺን ብልህ ነበር፤ ተጫዋቾች እንደየምርጫቸው የሚቀርጹትን የጨዋታውን ጀግና ሳይነካ፣ ዙሪያውን ባሉ ሰዎች ታሪክ ላይ አተኮረ። የጀግናው ጾታም ምርጫም ስለማይነሣ መጽሐፉ ማንንም ተጫዋች አያስቀይምም። በሁለተኛው መጽሐፍ ጂሊያን ግሬይሰን የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። ግሪሶም አካዳሚ በተባለ ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ብርቱ የተፈጥሮ ኃይል አላት፤ ኦቲዝምም አለባት። ከሰው ጋር መግባባት ይከብዳታል፤ መምህሯ ካሊ ሳንደርስና የጥበቃው ኃላፊ ሄንደል ሚትራ ይጠብቋታል። የጠፈር ጦርነት በሚተረክበት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለች ልጅ የታሪኩ እምብርት ሆና መገኘቷ ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አልነበረም። ራሳቸውን ወይም ልጃቸውን በእርሷ ውስጥ ያዩ አንባቢዎች ነበሩ።

አራተኛው መጽሐፍ ጃንዋሪ 31 ቀን 2012 ወጣ። ሦስተኛው ጨዋታ የሚወጣበት ማርች 6 ቀን ደጅ ላይ ነበር። ጸሐፊው ዊልያም ዲትዝ ነው፤ በሳይንስ ልብ ወለድ የቆየ፣ በ2003 የመጀመሪያውን «ሄይሎ» ጨዋታ ወደ መጽሐፍ የለወጠ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው። ይህኛው መጽሐፍ ግን ከቀደሙት ሦስቱ ጋርም፣ ከጨዋታዎቹም ጋር ተላተመ። አንባቢዎች ተሰባስበው ስሕተቶቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ረጅም ሰነድ አዘጋጁ። ዕድሜ አይገጥምም፤ የባዕዳኑ ልማድ አይገጥምም፤ የሄንደል የግል ሕይወት ተገልብጧል። ጨዋታው የሚያስፈራ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ሊያቀርበው የተዘጋጀው ካይ ሌንግ የጠላቱ ቤት ሰብሮ ገብቶ ቁርሱን ይበላበታል። ይህኛው እንኳ የሚያስቅ ነው፤ ሌባ እንጀራ ሲበላ እንደ መያዝ ያለ ነገር ነው፤ ተጫዋቾች ጨዋታውን ሲጀምሩም ነፍሰ ገዳዩን በቁርሱ ያስታውሱት ነበር።

የጂሊያን ነገር ግን አያስቅም። በአዲሱ መጽሐፍ ኦቲዝሟ የለም። ሕክምና ተገኘ፣ ዓመታት ጥረት ተደረገ የሚል ተአማኒ ትረካ የለም፤ አድጋ እንደ ተወችው ነገር ሆኖ ቀርቷል።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። በዚህ አካባቢ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም የሚለው ይኸው ነው። «ሲያድግ ይተወዋል።» «አንዳንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም፤ አይዞሽ።» ቃሉ የሚነገረው ለማጽናናት ነው፤ እናቲቱ ግን በዚያ ቃል ተይዛ ዓመታት ታሳልፋለች፤ ልጁ ሲያድግና አልተወውም ሲል ጥፋቱ የእርሷ ይመስላታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የኦቲዝም ማዕከል ሲያቋቁሙ ከሁሉ በፊት የታገሉት ከዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ጋር ነበር። እንግዲህ በሌላው ዓለም ጫፍ፣ ስለ ጠፈር መርከብ በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ይኸው የጎረቤት ቃል ሳይታሰብ ታተመ። የ2008ቱ መጽሐፍ የልጅቱን ጠባይ አክብሮ ተረከ፤ የ2012ቱ ረሳው። መርሳቱ ክፋት አልነበረበትም፤ ምናልባት ደራሲው ከተሰጠው ሰነድ ውስጥ ያቺ አንዲት መስመር ጎድላለች፤ ምናልባት ጊዜው አጥሯል። የመርከብን ቦታ የሚያስታርቅ ማስታወሻ ደብተር ማተም ይቻላል። ለዚህኛው «አንድም» የሚባልለት ፍች የለውም።

ባዮዌርና አሳታሚው ዴል ሬይ መጽሐፉ በወጣ በቀናት ውስጥ፣ በፌብሯሪ 2012 መጀመሪያ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ስላሉት ስሕተቶችና ግድፈቶች አንባቢዎችን ይቅርታ ጠየቁ፤ በሚቀጥሉት እትሞች ላይ የሚታዩ እርማቶች እየተሰናዱ መሆኑንም ገለጹ። ተጓዳኝ ልብ ወለድ ስለ ተጣረሰ ብሎ አሳታሚ በአደባባይ ይቅርታ መጠየቁ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ያን ረጅም ሰነድ ተቀምጠው ያዘጋጁት ሰዎች ድካም ከንቱ አልቀረም። ከወር በኋላ የወጣው ጨዋታ ግሪሶም አካዳሚን ያሳያል፤ ካሊ ሳንደርስም እዚያ ተማሪዎቿን ከጠላት ለማዳን ስትዋጋ ትገኛለች።

የ2008ቱን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግን ጂሊያንን አሁንም እንደ ነበረች ያገኛታል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ትንሽ ራቅ ብላ የተቀመጠች፣ ካሊም ከሩቅ የምትጠብቃት።